ትርፍ ብረትና የመገጣጠሚያ ጉዳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሰውነት የተረፈውን ብረት በሽንት ያስወግደዋል»

ሰውነት ትርፍ ብረትን ለይቶ የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። ጤነኛ ጎልማሳ በአጠቃላይ ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት ሲኖረው፣ በቀን በአንጀት በኩል የሚገባውም ሆነ ከሚረግፉ ሕዋሳት ጋር የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩ ያለው መግቢያው ላይ ሲሆን፣ በረኛውም ጉበት የሚያመርተው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ነው። ሄሞክሮማቶሲስ በተባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ይህ ሆርሞን ስለሚያንስ፣ ብረቱ ለዓመታት ሲጠራቀም ቆይቶ በአንዳንድ ሕሙማን ከ20 ግራም ያልፋል። ደም ደጋግመው የሚወስዱ ሕሙማንም ለዚሁ ይጋለጣሉ፤ አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይዞ ይገባልና።

«ብረት ቢበዛ የሚጎዳው ጉበትን ነው፤ መገጣጠሚያን አይነካም»

ጉበት፣ ቆሽትና ልብ መጎዳታቸው እውነት ነው። ሆኖም በሄሞክሮማቶሲስ የመገጣጠሚያ ሕመም ከሌሎቹ ምልክቶች ቀድሞ፣ አንዳንዴም ምርመራው ከመደረጉ ከዓመታት በፊት ሊጀምር ይችላል። በተለይ የሚጠቁት የሌባ ጣትና የመሃል ጣት ከመዳፍ ጋር የሚገናኙባቸው አንጓዎች ናቸው፤ በሽተኛው እጁን ሲጨብጥ ወይም ሰው ሲጨብጠው ያመዋል፣ በራጅም ላይ በአጥንቱ ጫፍ መንጠቆ የመሰለ ትርፍ አጥንት ይታያል። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና ዳሌም አይቀሩም።

የጉዳቱ ሂደት ሙሉ በሙሉ ባይብራራም ዋናው መስመር ይታወቃል። ከፕሮቲን ጋር ያልተሳሰረ ብረት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሲል የተባለውን እጅግ ጎጂ ፍሪ ራዲካል ይፈጥራል፤ ይህም የልም አጥንትን (በመገጣጠሚያ ላይ የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ አካል) ሕዋሳትና ልም አጥንቱ የተሠራበትን ፕሮቲን ያበላሻል። በዚህ ላይ ብረት ፓይሮፎስፌት የተባለውን ውሕድ የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሚያውክ፣ የካልሲየም ፓይሮፎስፌት ክሪስታሎች በልም አጥንቱ ውስጥ ይከማቹና ሪህ የሚመስል ድንገተኛ እብጠትና ትኩሳት ያስከትላሉ።

ደም በአግባቡ በማይረጋበት ሄሞፊሊያ በተባለው ሕመም ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፦ መገጣጠሚያው ውስጥ ደጋግሞ የሚፈሰው ደም ብረቱን እዚያው ይተዋል፣ የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋንም በዚህ ምክንያት እያበጠና እየወፈረ ይሄዳል። በደሙ ውስጥ ያለው የብረት መጠን ትክክል ቢሆንም እንኳ መገጣጠሚያው ይጎዳል።

«ሄሞክሮማቶሲስ የወንዶች ሕመም ነው»

ሴቶችም ይታመማሉ። በወር አበባና በወሊድ ደም ስለሚወጣ ክምችቱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚታየው የወር አበባ ከቆመ በኋላ ነው።

«ፌሪቲን ከፍ ካለ ብረት በዝቷል ማለት ነው»

ይህ ስሕተት በመገጣጠሚያ ሕሙማን ላይ ይብሳል፤ ምክንያቱም ፌሪቲን የተባለው ብረት አከማቺ ፕሮቲን በማንኛውም ብግነት፣ በጉበት ሕመምና በአልኮል ምክንያት ይጨምራል። ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ያለበት ሰው ፌሪቲኑ ከፍ ብሎ ብረቱ ግን ያልበዛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ከፌሪቲን ጋር በደም ውስጥ ብረት የሚያጓጉዘውን ፕሮቲን፣ የትራንስፈሪንን፣ የብረት ሙሌት ያሠራል፤ ሙሌቱ ከ45 በመቶ ሲያልፍ ወደ ዘረመል ምርመራ ይኬዳል። ለሄሞክሮማቶሲስ ተጠያቂው ኤችኤፍኢ የተባለው ዘረመል የተለየው በ1996 ነው። በአንጻሩ ገና ሳይመረመሩ ብረት ያለበትን ምግብ ሁሉ መተው፣ በተለይ ደም ማነስ ላለበት ሰው፣ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

«ደም ከተቀዳ መገጣጠሚያውም ይድናል»

የሄሞክሮማቶሲስ ሕክምና በየጊዜው ደም መቅዳት መሆኑ ትክክል ነው፤ 500 ሚሊ ሊትር ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይዞ ይወጣል። ደም መቅዳት የማይቻልበት፣ ለምሳሌ በደም ማነስ ሳቢያ ደም የሚወስድ ሕመምተኛ፣ ብረት አሳሳሪ መድኃኒት፣ ማለትም ብረቱን ይዞ ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት፣ ይሰጠዋል። በዚህ ድካምና የጉበት ሁኔታ ብዙ ጊዜ ይሻሻላሉ፤ የመገጣጠሚያው ሕመም ግን በብዙዎች ላይ ይቀጥላል፣ በአንዳንዶችም ይብሳል፤ የተበላው ልም አጥንት ብረቱ ስለወጣ አይተካም። ለዚህም ነው ብረቱ ወደ ትክክለኛው መጠን ከተመለሰ በኋላ እንኳ የዳሌ ወይም የቁርጭምጭሚት ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ያሉት።