እንግዳ ሳክስፎን በፈንክና ፊውዥን አልበም፦ አሠራሩ በድሬዳዋ

በኢትዮጵያ ጃዝ አንድ ባንድ የራሱን ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታርና ኪቦርድ ይዞ ለተመረጡ ሥራዎች ብቻ ሳክስፎኒስት መጋበዙ የቆየ ልማድ ነው። ሽለላንና ፉከራን በቴነር ሳክስፎን ያናገረው ታላቁ ጌታቸው መኩሪያ በዚህ ረገድ አቻ አይገኝለትም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2004 የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ አዲስ አበባ ላይ ባቀረበው ኮንሰርት በእንግድነት ተጫውቷል፤ ከሆላንዱ ባንድ ዘ ኤክስ ጋር የሠራው «ሞአ አንበሳ» የተባለ አልበም ደግሞ በ2006 ወጥቷል።

ድሬዳዋም ለዘመናዊ ሙዚቃ ባዳ አይደለችም፤ ድምፃዊ ዓሊ ቢራን ያፈራው የአፍረን ቀሎ ባንድ የበቀለው እዚሁ ነው።

መጀመሪያ የሚቀዳው ድራምና ቤዝ ነው፤ ጊታርና ኪቦርድ ይከተላሉ። ለእንግዳው ረቂቅ ቅጂውና ኖታው አስቀድመው ይላካሉ። ብዙ ቀረጻ የሚበላሸው በኖታው ነው። ሳክስፎን የሚያሰማው ድምፅ ከተጻፈለት ኖታ ዝቅ ስለሚል፣ ባንዱ በዶ ትዝታ ሜጀር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ሲጫወት ለቴነር የሚጻፈው ከሬ፣ ከቴነር አነስ ላለው አልቶ የሚጻፈው ከላ ተነሥቶ ነው። የአልቶው ወረቀት ለቴነር ከተሰጠ የስቱዲዮው ሰዓት በከንቱ ያልቃል።

ቅኝቱም ጥበቃ ይፈልጋል። ፈንክ የሚወደው የዶ ሰባተኛ ኮርድ በትዝታ ውስጥ የሌለውን ሲ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሲ) ይዞ ይገባል፤ በብሉዝ የሠለጠነ እንግዳም ሚ ቤሞል ይጨምርበታል፤ በዚህን ጊዜ ትዝታው ይጠፋል። ኪቦርዱ በአራተኛ ርቀት የተደራረቡ ድምፆችን (ሬ-ሶል-ዶ፣ ሚ-ላ-ሬ፣ ላ-ሬ-ሶል) ቢይዝ ሁሉም ከቅኝቱ ሳይወጡ የፊውዥን ቀለም ይሰጣሉ። የአንቺሆዬ ቅኝት ከዚህ ይከብዳል፤ ዘፋኞች የሚያወጡት ድምፅ በኪቦርድ ቁልፎች ላይ በትክክል አያርፍም።

የድሬ ሙቀት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር ድምፅ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ስለሚፈጥን የሳክስፎኑ ድምፅ ወደ ላይ ይሸሻል፤ የጊታር ክር ግን በሙቀት ላልቶ ይወርዳል። ኪቦርዱ ካለበት አይነቃነቅም። ስለዚህ ሁሉም የሚቃኙት በኪቦርዱ ነው፤ ሳክስፎኒስቱ ማውዝ ፒሱን (የሚነፋበትን ጫፍ) ትንሽ ወደ ውጭ ይስባል፣ ጊታሪስቱም በየቅጂው መሃል ክሩን ይፈትሻል። ደረቁ አየር የሪዱን (በማውዝ ፒሱ ላይ የሚታሰረውን ስስ ሸምበቆ) ጫፍ ስለሚያጣምም ድምፁ ይሰነጠቃል፤ 3 ወይም 4 ሪድ አርሶ እያፈራረቁ መጫወት ይሻላል። ቬንትሌተሩ በቀረጻ ጊዜ ስለሚጠፋ ጠዋት በማለዳ መጀመር ግድ ነው።

ማይኩ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ርቆ በሳክስፎኑ አፍ (ድምፅ በሚወጣበት ሰፊ ጫፍ) እና በቁልፎቹ መካከል ይነጣጠራል፤ በቀጥታ ወደዚያ ሰፊ ጫፍ ከዞረ ታችኞቹ ድምፆች ሲያገሱ የላዮቹ ይሳሳሉ።

ከፈንክ ወደ ቺክቺካ (ሦስት በሦስት ወደሚከፈለው የአገራችን ምት) በሚታለፍበት ቦታ የፈንኩ አንድ ምት ከቺክቺካው ሦስት ንዑስ ምቶች ጋር እኩል ተደርጎ ይቆጠራል። ድራመሩ ከመሸጋገሪያው በፊት ባሉት 2 ባሮች ሦስትዮሹን በሃይ ሃት (በድራሙ ጥንድ ሳህን) ካላሰማ እንግዳው ሶሎውን በተሳሳተ ምት ላይ ይጀምራል።