እሺ ብዬ የሸሸሁት ወንድም

ባለፈው ዓመት እቁብ ደረሰኝ። 30 ሺህ ብር። ብሩ እጄ ሳይገባ ሥራው ታውቆ ነበር፤ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። በዚያው ምሽት በጸሎት ቡድናችን ያለ አንድ ወንድም ደወለ። «ወንድሜ፣ ጭንቅ ይዞኝ ነው። ለሁለት ሳምንት ብቻ» አለኝ። ልቤ «አይሆንም» እያለ አፌ «ኧረ ችግር የለም» አለ። ባለቤቴ ሻይ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ፊቴን አይታ ገባት። «የልጁስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሁለቱ ሳምንት ሁለት ወር ሆነ። እኔም ያን ወንድም መሸሽ ጀመርኩ። እሁድ አምልኮ ሲያልቅ እሱ በዋናው በር ሲወጣ እኔ በጎን በር እወጣለሁ። ሲደውል ስልኩን ደፍቼ እተወዋለሁ። እጁን ዘርግቶ ሲጸልይ እንኳ ውስጤ ያጉረመርም ነበር። ገንዘቤን ሰጠሁት፤ ራሴን ግን ነፈግሁት።

ያን ዕለት «እሺ» ያልኩት በፍቅር ይመስለኝ ነበር። ወገኖቼ፣ ይሉኝታ ነበር። ቃሉን ልብ ብላችሁ ስሙት። ምን ይሉኛል? ጨካኝ ይሉኛል፣ ሲደርሰው ወገኑን ረሳ ይሉኛል። ይሉኝታ መልካም ጎን እንዳለው አውቃለሁ፤ ከስንት ነውር ጠብቆናል። የእግዚአብሔርን ቦታ ሲይዝ ግን ጌታ ይሆንብናል። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች «ሰውን ደስ ባሰኝ የክርስቶስ ባሪያ ባልሆንሁም» ብሎ የጻፈው ለዚህ ነው። ስለ መስጠትም ሲናገር «በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» ይላል (2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7)። የእኔ ስጦታ ኀዘንም ግድም ነበረበት።

ማርቆስ ምዕራፍ 1 ላይ ያለችውን ቅፍርናሆም ተመልከቱ። ፀሐይ ከገባች በኋላ ከተማው ሁሉ ደጅ ላይ ተሰብስቧል። ጌታ ብዙዎችን ፈወሰ። ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ብቻውን ሊጸልይ ወጣ። ስምዖንና ጓደኞቹ ፈልገው አገኙትና «ሁሉ ይፈልጉሃል» አሉት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይከብደኛል። ከሚፈልጉት መካከል የታመመ ልጇን ያቀፈች እናት ልትኖር ትችላለች። ጌታ ግን ወደ ሌሎቹ መንደሮች እንሂድ አለ፤ «ስለዚህ ወጥቻለሁና»። ርኅራኄ አጥቶ አይደለም፤ አብ ለምን እንደላከው ያውቃል። እኛ ስልካችን በጮኸ ቁጥር የምንሮጠው ለምን እንደተላክን ስለማናውቅ ይሆን?

ሌላው ደግሞ ከባዱ ነው። ይቅር ማለትና ተመልሶ መግባት አንድ የሚመስላቸው ብዙ ወገኖች አሉ። 1ኛ ሳሙኤል 26ን አንብቡት። ሳኦል ሊገድለው ሲያሳድደው ዳዊት ሌሊት ሰፈሩ ገብቶ ጦሩን ወሰደ፤ ሰውየውን ግን አልነካውም። ከዚያ ተሻግሮ ተራራ ላይ ርቆ ቆመ። በመካከላቸው ሰፊ ስፍራ ነበረ ይላል ቃሉ። ሳኦል «በድያለሁ፣ ልጄ ሆይ ተመለስ» አለው። ዳዊት ምን አደረገ? ጦሩን መለሰለት፤ ግን ራሱ አላደረሰለትም፤ ከብላቴኖቹ አንዱ መጥቶ ይውሰድ አለ። ከዚያ መንገዱን ሄደ። በቤቷ የምትደበደብ እህት ስትመጣ «ታገሺ፣ ጸልዪለት» ብለን ወደዚያው ቤት የምንመልስ ሰዎች ያን ሰፊ ስፍራ እናስብ። መጀመሪያ እሷና ልጆቿ ደህና የሚያድሩበትን ቦታ እንፈልግ። መጸለዩ ከዚያም ሆኖ ይቻላል።

አደራ፣ ይህን ትምህርት ለራስ ወዳድነት የሚጠቀም እንዳይኖር። አባትና እናቱን መጦር ያለበት ሰው ገንዘቡን «ቍርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ እያለ ሲያመልጥ ጌታ በብርቱ ገሥጿል (ማርቆስ 7)። እናቱ በደወለች ቁጥር ስልክ የማያነሣ ልጅ ድንበር አበጀሁ ቢል አልቀበለውም።

ያ ወንድም ብድሩን በሦስት ጊዜ ከፍሎ ጨረሰ። ስሸሸው እንደነበር ነግሬው ይቅርታ ጠየቅሁት። ባለፈው ወር ደግሞ ደወለ፤ አሁንም 10 ሺህ ብር ቸግሮታል። እጄ አላበው። «ወንድሜ፣ ማበደር አልችልም» አልኩት። «2 ሺህ ብር አለኝ፣ እሷን በስጦታ ውሰዳት። ቅዳሜ ደግሞ ቤት ና፣ አብረን እንጸልይ።» ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ «እሺ፣ እመጣለሁ» አለኝ።

ቅዳሜ መጣ። እስኪመሽ አብረን ተቀመጥን። በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ በዋናው በር አብረን ወጣን።