ነጠብጣቡ የይለፍ ቃልን ከማን ይደብቃል?

«የይለፍ ቃሌ በነጠብጣብ ስለሚሸፈን ማንም አያየውም» የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ስለተነሣ ላብራራው። ነጠብጣቡ የሚጋርደው ከኋላችሁ ቆሞ ስክሪኑን ከሚያይ ሰው ብቻ ነው። ኪሎገር የተባለው ሰላይ ፕሮግራም የሚከታተለው የቁልፍ ሰሌዳውን ነው። 4872 ልትጽፉ አስባችሁ 4873 ብትሉና ብታርሙት፣ እናንተ የምታዩት አራት ነጠብጣብ ነው፤ እርሱ ግን ስሕተቱን፣ የማጥፊያ ቁልፏንና እርማቱን ሳይቀር በተራ መዝግቧል። በአንዳንድ ማሰሻዎች የድረ ገጽ አድራሻ አጠገብ የምትታየው የጓጉንቸር ምልክትም እዚህ ላይ አትረዳም፤ የምትጠብቀው መረጃው በኔትወርክ ሲጓዝ ነው፣ ስርቆቱ ደግሞ ጉዞው ሳይጀመር አልቋል።

እስካሁን ያልሁት እርግጥ ነው። የፕሮግራሞቹ ዐቅም ግን ይለያያል፤ አንዳንዱ ቁልፍ ብቻ ይመዘግባል፣ አንዳንዱ የስክሪኑን ምስል ጭምር ይወስዳል። ጸረ ቫይረስም ብዙዎቹን እንጂ ሁሉንም አይይዝም። ከጠረጠራችሁ የይለፍ ቃሉን በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ቀይሩ፤ በዚያው ላይ ከቀየራችሁት አዲሱንም አስረከባችሁ።