ሩትማስተር፦ የለንደን አንጋፋው ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ

ሩትማስተር የለንደንን ሕዝብ ለ50 ዓመት ያህል ያመላለሰ ቀይ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ነው። ከ1954 እስከ 1968 ድረስ 2,876 ተሠርተዋል (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አብዛኞቹ በር የላቸውም። ከኋላ በኩል፣ ጥጉ ላይ፣ ክፍት መወጣጫና ቀጥ ብሎ የቆመ መያዣ ብረት አለ። ተሳፋሪው እዚያ ጋ ይወጣል፣ እዚያው ጋ ይወርዳል። መንገዱ ሲዘጋጋ ፌርማታ ሳይጠብቁ ዱብ ማለትም የተለመደ ነበር። ሾፌሩ ከፊት ጠባብ ጋቢና ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል። ሂሳብ የሚሰበስበው ቲኬት ቆራጩ ነው።

ስለዚህ አውቶቡስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው መልኩ ነው። ፖስትካርድ ላይ አለ፣ የቁልፍ መያዣ ላይ አለ። መልኩ በእርግጥ ያምራል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን አሠራሩ ነው። ሩትማስተርን የነደፉት ሰዎች ሸጠውት የሚገላገሉ ነጋዴዎች አልነበሩም። ራሳቸው የሚነዱት፣ ራሳቸው የሚጠግኑት፣ ሲበላሽም ራሳቸው የሚቸገሩበት ሰዎች ነበሩ። ዕድሜው የረዘመው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከእሱ በፊት የነበሩት

የለንደን አውቶቡስ ታሪክ በፈረስ ጋሪ ይጀምራል። ለንደን ጄኔራል ኦምኒባስ የተባለው ኩባንያ በ1855 ተቋቁሞ ብዙ ትናንሽ ጋሪ ነጂዎችን ጠቀለለ። ከተፎካካሪዎቹ ለመለየት መኪኖቹን ቀይ የቀባው በ1907 ነው። በ1910 ደግሞ ቢ-ታይፕ የሚባለውን ባለ ሞተር አውቶቡስ አወጣ። ቦዲው እንጨት ነበር፤ ላይኛው ፎቅ ጣሪያ አልነበረውም። 34 ሰው ይይዛል፤ 16ቱ ከታች፣ 18ቱ ከላይ፣ ዝናብም ፀሐይም እየተፈራረቀባቸው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ 900 ያህሉ ወታደር ለማመላለስ ወደ ፈረንሳይና ቤልጂየም ዘመቱ። መስኮታቸው በጣውላ ተመታ፣ ቀዩ ቀለም በካኪ ተሸፈነ። አንዳንዶቹ መልእክት ለሚያደርሱ እርግቦች ማደሪያ እስከመሆን ደርሰዋል።

ላይኛው ፎቅ ጣሪያ ማግኘት የጀመረው በ1925 ነው። በ1933 የከተማዋ አውቶቡስ፣ ትራምና የምድር ውስጥ ባቡር በአንድ የሕዝብ ድርጅት ሥር ገባ። ሕዝቡ ለንደን ትራንስፖርት ይለው ነበር። ይህ ድርጅት ከኤ.ኢ.ሲ. ፋብሪካ ጋር ሆኖ በ1939 አር.ቲ. የተባለውን አውቶቡስ ሥራ አስጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባና ምርቱ ተቋረጠ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ማምረቱ በሰፊው ቀጠለ። የአር.ቲ. ቤተሰብ በጠቅላላው ወደ 7,000 ይጠጋ ነበር።

አር.ቲ.ን ሳነሳ የታወር ብሪጅን ነገር መዝለል አልችልም። ዲሴምበር 30 ቀን 1952 ማታ አልበርት ጉንተር የተባለ ሾፌር የመስመር 78ን አውቶቡስ ይዞ ድልድዩ ላይ እያለ፣ ድልድዩ ለመርከብ መከፈት ጀመረ። አውቶቡሱ ውስጥ 20 ያህል ሰዎች ነበሩ። ፍሬን ቢይዝ ወንዙ ውስጥ የመግባት አደጋ አለ። እሱ ነዳጅ ሰጠና ክፍተቱን ዘለለው፤ ገና ዝቅ ብሎ የነበረው ማዶኛው ክፍል ላይ አረፈ። ሰው አልሞተም። ለጉንተር 10 ፓውንድ ሸለሙት።

ቀላል ቦዲ፣ ሻሲ አልባ መኪና

የሩትማስተር ንድፍ የተጀመረው በ1947 ነው። የምህንድስናውን ሥራ የመራው ኤ.ኤ.ኤም. ዱራንት ነበር፤ ኮሊን ከርቲስ ከዋነኞቹ መሐንዲሶች አንዱ ነው። መልኩን ያሳመረው ደግሞ የኢንዱስትሪ ዲዛይነሩ ዳግላስ ስኮት ነው።

ዋናው ሐሳብ ከአውሮፕላን ሥራ የመጣ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ለንደን ትራንስፖርት ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ሆኖ ሃሊፋክስ የተባሉትን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ይገጣጥም ነበር፤ ከ700 በላይ ሠርተዋል። ሠራተኞቹ እዚያ ሁለት ነገር ተማሩ። አንደኛው አሉሚኒየምን በሪቬት እያያያዙ ቀላልና ጠንካራ አካል መሥራት ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱን ዕቃ በትክክለኛ ልክ ማምረት ነው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ያለ ሞረድና ያለ መዶሻ ቦታው ላይ ቁጭ እንዲል።

ስለዚህ ሩትማስተር እንደ ቀድሞዎቹ ከባድ ሻሲ ላይ የተጫነ ቦዲ አይደለም። ቦዲው ራሱ ጭነቱን ይሸከማል። ከፊት ሞተሩን፣ መሪውንና የፊት ሞላዎቹን የያዘ አንድ ክፈፍ ይታሰርበታል። ከኋላ ደግሞ የኋላ እግሮቹን የያዘ ሌላ ክፈፍ አለ። ውጤቱ በሚዛን ታየ። አር.ቲ. 56 ሰው ያስቀምጥ ነበር። ሩትማስተር 64 እያስቀመጠ ክብደቱ ከአር.ቲ. አልበለጠም፤ ባዶውን 7 ቶን ተኩል ያህል ነው።

ለሾፌሩም ታስቦለታል። መሪው በኃይል የሚታገዝ ነው። ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው፤ በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለም። ፍሬኑ በፈሳሽ ግፊት ይሠራል። የፊት እግሮቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሞላ ላይ ያርፋሉ። በ1950ዎቹ ይህን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ የከተማ አውቶቡስ ማግኘት ከባድ ነበር። ሞተሩ 9.6 ሊትር የኤ.ኢ.ሲ. ወይም 9.8 ሊትር የሌይላንድ ናፍጣ ሞተር ነው።

ውስጡን ስኮት በሦስት ቀለም አስዋበው። ግድግዳው ጥቁር ቀይ፣ የመስኮቱ ዙሪያ አረንጓዴ፣ ጣሪያው ፈዛዛ ቢጫ ሆነ። መቀመጫው ላይ ጠንካራ ባለ መስመር ጨርቅ ለበሰ። የጭቃ ጫማና የሲጋራ ጭስ ለዓመታት እንደሚያርፍበት ታስቦ የተመረጠ ቀለም ነው። ዛሬም ሲያዩት አይሰለችም።

እንዲህ ከፍ ያለ መኪና አይገለበጥም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ላይኛው ፎቁ ሙሉ ተሳፋሪ እንደያዘ ተደርጎ ተጭኖ፣ ታቹ ባዶ ሆኖ፣ 28 ዲግሪ ወደ ጎን እስኪዘም ይፈተናል። መውደቅ የለበትም። ከባዱ ነገር ሁሉ ከታች ስለሆነ ይችለዋል።

የመጀመሪያው መኪና አር.ኤም.1 በ1954 ለሕዝብ ታየ። ሥራ የጀመረው ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1956 በመስመር 2 ላይ ነው። ብዛት ያለው ምርት ግን ቆይቶ መጣ። ከ1959 ጀምሮ ሩትማስተሮች በብዛት ወጡና በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር የሚሄዱትን ትሮሊ ባሶች ተኩ። የመጨረሻው ትሮሊ ባስ ሜይ 8 ቀን 1962 ቆመ። ቆየት ብሎ መሐሉ ላይ አጭር ክፍል ተጨምሮበት 72 መቀመጫ ያለው ረዥሙ ዓይነት መጣ፤ 524 ተሠርተዋል። ለከተማ ዳር መስመሮች በር ያላቸው አረንጓዴዎችም ነበሩ። የአየር መንገድ ተሳፋሪ ወደ ሂዝሮው አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርሱም ነበሩ፤ ሻንጣ የጫነ ተጎታች ከኋላቸው ያስከትላሉ።

አልደንሃም

የዚህን አውቶቡስ ዕድሜ ምሥጢር የሚፈልግ ሰው ከለንደን ሰሜን ምዕራብ ወደሚገኘው አልደንሃም መሄድ ነበረበት። ቦታው መጀመሪያ የታሰበው ለምድር ውስጥ ባቡር ማደሪያ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ አውሮፕላን ተሠራበት። በመጨረሻ የአውቶቡስ ማደሻ ሆነ።

እያንዳንዱ አውቶቡስ በየጥቂት ዓመቱ እዚያ ይገባል። ቦዲው ከክፈፎቹ ተነጥሎ በክሬን ይነሳል፣ ከሰው አናት በላይ እየተንሳፈፈ ወደ ሌላው የአዳራሹ ጫፍ ይሄዳል። ሞተሩ በአንድ በኩል፣ ካምቢዮው በሌላ በኩል፣ መቀመጫው በሦስተኛው በኩል ይታደሳል። ሲገጣጠም የግድ የቀድሞ ዕቃው አይመለስለትም። ቀድሞ ታድሶ የተዘጋጀው ቦዲ ይመጣለታል፣ ሰሌዳው ይለጠፍበታልና ይወጣል። በዚህ ምክንያት ዛሬ አንድ ቁጥር የያዘ ሩትማስተር ሲወለድ የነበረው ቦዲ ላይሆን ይችላል። ሰብሳቢዎች በዚህ ጉዳይ ለሰዓታት ሲከራከሩ ይውላሉ። ክርክሩ አይገርመኝም፤ መኪናው የተሠራው እንዲህ እንዲቀያየር ነውና።

ቲኬት ቆራጮቹ

ሩትማስተር ያለ ሁለት ሰው አይንቀሳቀስም። ሾፌሩ ኋላውን በደንብ ስለማያይ፣ መነሳትና መቆምን የሚያዘው ቲኬት ቆራጩ ነው። ደወሉ አንዴ ሲመታ ቁም ማለት ነው። ሁለቴ ሲመታ ሂድ ነው። ሦስቴ ከሆነ ሞልተናል፣ ፌርማታ ላይ አትቁም ነው። አንገቱ ላይ ጊብሰን የሚባል የቲኬት ማሽን ይንጠለጠላል። ማሽኑ ከድርጅቱ ሠራተኞች አንዱ የፈጠረው ነው። ዋጋውን በክብ ቁልፍ ይመርጥና፣ እጀታውን ሲያዞር ከባዶ ጥቅል ወረቀት ላይ ቲኬት አትሞ ያወጣል። እስከ 1993 ድረስ አገልግሏል።

ከጦርነቱ በኋላ ለንደን ሠራተኛ አጥታ ነበር። ለንደን ትራንስፖርት በ1956 ባርቤዶስ ድረስ ሄዶ ሰው መቅጠር ጀመረ፤ በኋላም ወደ ጃማይካና ትሪኒዳድ ሄደ። ብዙዎቹ የመርከብ መሳፈሪያቸውን ተበድረው መጥተው፣ ከደመወዛቸው እየተቆረጠ ከፍለዋል። በማያውቁት ብርድ ውስጥ፣ በር በሌለው አውቶቡስ ላይ ቆመው የሠሩ ሰዎች ናቸው። ስለ ሩትማስተር በሚጻፉ ነገሮች ውስጥ የሚሰጣቸው ቦታ ማነሱ ያሳዝነኛል። ሴቶች ቲኬት በመቁረጥ ለብዙ ዘመን ቢሠሩም፣ መሪ ለመጨበጥ እስከ 1974 ጠብቀዋል። በዚያ ዓመት ጂል ቫይነር የለንደን ትራንስፖርት የመጀመሪያዋ ሴት የአውቶቡስ ሾፌር ሆነች።

ተተኪው ቀድሞ ሄደ

ሁለት ደመወዝ መክፈል ከበደ። በ1966 ድርጅቱ ሾፌሩ ራሱ ሂሳብ የሚቀበልባቸውን መኪኖች ለማብዛት አቀደ። መንግሥትም ለአዲስ አውቶቡስ መግዣ ድጎማ ሲሰጥ፣ ለአንድ ሰው ሥራ የሚመቹትን ብቻ መረጠ። የሩትማስተር ምርት በ1968 ቆመ።

በቦታው የመጣው ዴይምለር ፍሊትላይን ነው፤ ለንደን ዲ.ኤም.ኤስ. ብላዋለች። ከ1971 ጀምሮ 2,646 ገቡ። ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ። ሞተሩ ከኋላ ታፍኖ ይግላል፣ ቶሎ ቶሎ ይበላሻል። አንድ አንድ ሰው ለሾፌሩ ሲከፍል ፌርማታው ላይ ረዥም ሰልፍ ይፈጠራል። ለሌሎች ከተሞች የተሠራ መኪና በመሆኑ የአልደንሃም አሠራርም አልሆነለትም። በ1979 ገና ጎልማሳ ሳይሆን ከሥራ መውጣት ጀመረ። እሱ ሊተካው የመጣው ሩትማስተር ግን በየመንገዱ ነበር። በ1977፣ ለንግሥቲቱ 25ኛ የንግሥና በዓል፣ 25 ሩትማስተሮች ብርማ ቀለም ተቀብተው ይዞሩ ነበር።

ሩትማስተሮች በ1982 መቀነስ ጀመሩ። አልደንሃም በ1986 ተዘጋ። ኤ.ኢ.ሲ. በ1979፣ ቦዲውን የሠራው ፓርክ ሮያል ደግሞ በ1980 ተዘግተዋል። አንዳንዶቹ መኪኖች ወደ ስኮትላንድ ተሸጡ፤ እዚያም ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ለተሳፋሪ ሲሽቀዳደሙ፣ ቶሎ መጫንና ማውረዳቸው ጠቀማቸው። ለንደን የቀሩት ረዥሞቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ሞተር ተገጠመላቸውና ሌላ አሥር ዓመት ሠሩ።

የመሸኘታቸው ምክንያት ሁለት ነው፤ የቲኬት ቆራጭ ወጪና ምቹነት። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ሩትማስተር ላይ መሳፈር አይችልም። የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናትም ትቸገራለች። ክፍቱ መወጣጫ ላይ የሚወድቅ ሰውም ነበር። መኪናውን የቱንም ያህል ብወደው፣ ይህ ትክክለኛ ምክንያት ነው። ዲሴምበር 9 ቀን 2005 የመጨረሻው መደበኛ ሩትማስተር አር.ኤም.2217 በመስመር 159 ሠርቶ ብሪክስተን ጋራዥ ገባ። መንገዱ በሰው ተጨናንቆ ስለነበር ዘግይቶ ነው የደረሰው።

በጣት የሚቆጠሩት ከዚያ በኋላም በመስመር 9 እና 15 ላይ ከዘመናዊዎቹ ጎን ለጎን ለቅርስነት እንዲሠሩ ተደረገ። የመስመር 9 በ2014 ቆመ። የመስመር 15 ደግሞ በ2019 ወደ ሞቃት ወራት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ተቀነሰ፤ በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ተቋረጠ፣ ተመልሶም አልመጣም። በ2012 የመጣውና ቶማስ ሄዘርዊክ የነደፈው አዲሱ አውቶቡስ ስሙን ወርሷል፤ ከኋላም ክፍት የሚሆን መወጣጫ ነበረው። 1,000 ተገዙ። መወጣጫውን የሚጠብቁት ሠራተኞች ግን በ2016 ተነሱ፣ የኋላው በርም በጉዞ ላይ መዘጋት ጀመረ።

አሮጌዎቹ ዛሬ በግለሰቦች እጅ፣ በሠርግና በጉብኝት ሥራ ላይ፣ በሙዚየምም አሉ። አር.ኤም.1 የለንደን ትራንስፖርት ሙዚየም ንብረት ነው። አውቶቡሶቹን ሥራ ላይ ማየት ለሚፈልግ ግን የምመክረው በሞቃቱ ወራት፣ በዓመት አንድ ቀን የሚደረገውን የኢምበር ጉዞ ነው። ኢምበር በደቡብ እንግሊዝ ያለ መንደር ነው፤ በ1943 ነዋሪዎቹ ለጦር ልምምድ ሲባል እንዲለቁ ተደርገዋል፣ ዛሬም በሠራዊቱ ይዞታ ሥር ነው። ከ2009 ጀምሮ፣ መንደሩ ለሕዝብ በሚከፈትበት አንድ ቀን፣ ከዋርሚንስተር ባቡር ጣቢያ እየተነሱ ሩትማስተሮች በመደበኛ የጊዜ ሰሌዳ ሰው ያመላልሳሉ። ቲኬት ቆራጭም አላቸው። ገቢው የመንደሩን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ለመጠበቅና ለሌሎች በጎ አድራጎቶች ይውላል።