የቆዩ ጀልባዎችን የናፍጣ ሞተር መለወጥና መሸጥ፦ ከሐዋሳ ሐይቅ አኳያ የቀረበ አጠቃላይ ዳሰሳ

የጀልባ ሞተር ልወጣ ማለት የጀልባው አካል ገና ጤነኛ ሆኖ ሳለ ያረጀውን የናፍጣ ሞተር አውጥቶ በአዲስ ወይም በታደሰ ሞተር መተካት ነው። በብረት ወይም በጥሩ እንጨት የተሠራ ጀልባ በየጊዜው ከተቀባና ከተጠገነ የሁለትና የሦስት ሞተር ዕድሜ ስለሚኖር፣ ልወጣው በየትኛውም ሐይቅ ላይ ይዋል ይደር እንጂ የማይቀር ሥራ ነው። በጉዳዩ ላይ በአማርኛ የተደራጀ ጽሑፍ እምብዛም ባለመኖሩ፣ ይህ ዳሰሳ በፋብሪካ መመሪያዎችና በጋራዥ ውስጥ በሚታወቀው አሠራር ላይ ተመሥርቶ ተሰናድቷል።

የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ በ1,690 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ጥልቅ ቦታው ደግሞ ከ20 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። በሐይቁ ላይ ዓሣ አስጋሪዎች በአብዛኛው በመቅዘፊያ ይሠራሉ፤ በሐይቁ ዳርቻ ካሉት ፍቅር ሐይቅና አሞራ ገደል ከተባሉ ቦታዎች ጎብኚ ይዘው የሚወጡት ጀልባዎችም አብዛኞቹ ከኋላ የሚንጠለጠል የቤንዚን ሞተር አላቸው። በጀልባው ሆድ ውስጥ የሚተከለው የናፍጣ ሞተር የከባድና የቆዩ ጀልባዎች ነው። ይሁንና ሐዋሳ ለዚህ ሙያ የተመቸች ከተማ መሆኗን መናገር ተገቢ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው ዋና መንገድ በከተማዋ ስለሚያልፍ፣ ጋራዦቿ የከባድ መኪና ናፍጣ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ እጀ ብርቱ ባለሙያዎች አሏቸው።

ናፍጣ ለጀልባ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ደኅንነት ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ወለል ሥር ይጠራቀምና በአንድ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል፤ ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቀላሉ የሚቀጣጠል ትነት አይሰጥም። ለተመሳሳይ ጉልበት የሚፈጀው ነዳጅም ያነሰ ነው።

የሞተሮቹ ታሪክ

ሩዶልፍ ዲዝል የፈጠረው ሞተር በጀርመን አውግስቡርግ ከተማ በተሳካ ሁኔታ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። በኢትዮጵያ ሐይቆች ላይ የሞተር ጀልባ አጀማመር ብዙ ጊዜ የሚያያዘው በጣሊያን ወረራ ዘመን በጣና ላይ ከነበረው እንቅስቃሴ ጋር ነው።

በዝርዝር የሚታወቀው የእንግሊዝ ሞተሮች ዘመን ነው። በደርስሊ ከተማ ይመረት የነበረው ሊስተር ሲኤስ የተባለው ሞተር እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ባለ አንድ ሲሊንደሩ ዓይነት በደቂቃ 650 ዙር ብቻ እየዞረ 6 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ባትሪም ሞተሪኖም አያስፈልገውም። ሠራተኛው የቫልቩን ማንሻ ከፍቶ እምቅታውን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር) ያስለቅቅና ከባዱን የብረት መሽከርከሪያ ጎማ በማኒቬላ ያዞራል፤ ጎማው ጉልበት ሲይዝ ማንሻውን ይመልሰዋል፣ ሞተሩም በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ምት ይነሣል። የዚህ ሞተር ድምፅ በሀገራችን ገጠር የወፍጮ ቤት ድምፅ ሆኖ በብዙዎች ጆሮ ቀርቷል። ወፍጮ ጠግኖ ያደገ መካኒክ ሊስተር የተተከለበት ጀልባ ሲያጋጥመው የማይገባው ነገር የሌለው በዚሁ ምክንያት ነው። በህንድ ራጅኮት ከተማ የሚሠሩት የሊስተር ቅጂዎች በጥራት ከእንግሊዙ ያንሳሉ የሚል አስተያየት አለ፤ ሌሎች ደግሞ ቅጂው ከፋብሪካ እንደመጣ ተፈቶ፣ ከብረት ማቅለጫው የቀረበት አሸዋ ታጥቦና ኩሽኔታው ተስተካክሎ ከተገጠመ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም ይላሉ። ሁለተኛው አስተያየት ሚዛን የሚደፋ ይመስላል።

ፐርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1932 በፒተርቦሮ ተቋቋመ። የቆዩት ሞተሮቹ ስም ራሱ ስለ ሞተሩ ይናገራል፤ 4.108 ማለት ባለ 4 ሲሊንደርና 108 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 1.8 ሊትር ገደማ ይዘት ያለው ነው። 3.9 ሊትር የሚይዘው 4.236 በማሲ ፈርጉሰን 175 ትራክተር ላይም ተገጥሞ ስለወጣ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑን (የሲሊንደር ራስ ማሸጊያውን)፣ ፒስተኑንና ቀለበቱን ከትራክተር መለዋወጫ ነጋዴ ማግኘት ይቻላል። አንድ የቆየ ጀልባ ይህ ሞተር ካለበት ከመለወጥ ይልቅ ማደስ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

የጃፓኑ ያንማር እ.ኤ.አ. በ1933 አነስተኛ የናፍጣ ሞተር በማውጣት ቀዳሚ ሆኗል።

ከመለወጥ በፊት

ያረጀ ሞተር ሁሉ የሞተ ሞተር አይደለም። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅን ወይም የገባ ውሃን፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላትን፣ ጥቁር ጭስ ደግሞ የአየር እጥረትን ወይም ከአቅም በላይ ጫናን ያመለክታል። ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ሞተር በተደጋጋሚ ያለ ጥፋቱ ይፈረድበታል፤ አጥፊው የቆሸሸ የአየር ማጣሪያ፣ የደከመ ኖዝል (ነዳጅ መርጫ) ወይም ለሞተሩ ከሚገባው የተለቀ ፕሮፔለር (ጀልባውን በውሃ ውስጥ እየዞረ የሚገፋው ክንፍ) ሊሆን ይችላል። የየሲሊንደሩ እምቅታ በመለኪያ ታይቶ ልዩነቱ ከፋብሪካው ገደብ ያለፈ እንደሆነ፣ ቶርኖ ቤት የሚያስከፍለው ሒሳብ ከሌላ ሞተር ዋጋ ጋር ይነጻጸራል።

ከፍታና ጉልበት

በሐዋሳ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 82 በመቶ ገደማ ነው። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ በፋብሪካው ወረቀት ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ ከ33 እስከ 34 ብቻ ይሰጣል፤ ተርቦ ያለው የሚያጣው ከዚህ ያነሰ ነው። ይህን ሳይነግር የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ይጎዳል። ፕሮፔለሩ ለባሕር ወለል ጉልበት የተመረጠ ከሆነ ሞተሩ ሙሉ ዙሩን ሳይደርስ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ይግላል። መፍትሔው የፕሮፔለሩን ፒች (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄድበትን ርቀት) መቀነስ ሲሆን፣ አንድ ኢንች ሲቀነስ ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር እንደሚጨምር ይገመታል።

ከመጠን በላይ ትልቅ ሞተር መግጠምም አይጠቅምም። በውሃው ላይ 8 ሜትር ርዝመት ያለው ከባድ ጀልባ ራሱ የሚፈጥረው ማዕበል ስለሚይዘው በሰዓት ከ13 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ለመሄድ ይቸገራል፤ ጉልበቱ እጥፍ ቢሆንም የሚጨምረው የነዳጅ ሒሳብ ነው።

ገጠማው

የሥራው ልብ ሞተሩ ሳይሆን ሞተሩ ከጀልባው ጋር የሚገናኝባቸው ነጥቦች ናቸው። አሮጌው ሞተር በዝግታ ዞሮ ትልቅ ፕሮፔለር ይነዳ ነበር፤ አዲሱ በደቂቃ እስከ 3,000 ዙርና ከዚያም በላይ ስለሚዞር ዙሩን የሚቀንስ የራሱ ካምቢዮና አብሮት የሚሄድ ፕሮፔለር ይፈልጋል። የሞተሩ መቀመጫ አዲሶቹን እግሮች እንዲቀበል ተቆርጦ ይበየዳል ወይም በደረቅ እንጨት ይታደሳል።

ካምቢዮውንና ፕሮፔለሩን የሚያዞረውን ዘንግ (ሻፍት) የሚያገናኙት ሁለት ክብ ፊቶች ትይዩ መሆናቸው በሚገባ መታየት አለበት። መካኒኩ በፊቶቹ መካከል ስስ የመለኪያ ብረት አስገብቶ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ይለካል፤ የፊቱ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ በአራቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት ከ0.1 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ጀልባው መሬት ላይ ሳለ ቅርጹ በትንሹ ስለሚለወጥ፣ የመጨረሻው ልኬት የሚወሰደው ጀልባው ውሃ ላይ አድሮ ነው። ይህን የዘለለ ገጣሚ በወራት ውስጥ የካምቢዮ ኩሽኔታ እንዲቀየር ያስገድዳል።

የመኪና ወይም የትራክተር ሞተር ወደ ጀልባ ሲገባ ማቀዝቀዣው በአዲስ መልክ ይሠራል። የሐይቁን ውሃ እየሳቡ በሞተሩ ውስጥ ማሳለፍ ቀላል ቢሆንም፣ ደለልና የውሃ ተክል መሳቢያውን ስለሚደፍኑት ከጀልባው ሥር በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ዝግ ውሃ ለሐዋሳ እጅግ ይመረጣል። በዚህ ከፍታ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ዝጉ ሥርዓት ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ያስፈልገዋል። ብረትን ከዝገት ለማዳን የሚታሰረው መሥዋዕት ብረትም ለጨው ውሃ ዚንክ፣ ለእንዲህ ያለው ጣፋጭ ውሃ ግን ማግኒዥየም ነው፤ ከውጭ ከሞተሩ ጋር የመጣው ዚንክ እንዳለ ሲቀር ሥራውን አይሠራም።

ሽያጩ

ያገለገሉ ሞተሮች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው፤ አዲስ ሞተር በጅቡቲ በኩል ተጓጉዞ በሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ስላለፈ፣ የገቢ ሞተር ዋጋ አብሮ ወጥቷል፤ የማደስ ሥራም ይበልጥ አዋጪ ሆኗል።

ገዢ ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ ሲነሣ ማየት አለበት። ስለዚህ ከማስነሣቱ በፊት ብሎኩን በእጁ ይዳስስ፤ ሞቆ ከጠበቀው ሌላ ቀን ይመለስ። የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል። የሞተሩ ቁጥር ከሰነዱ ጋር ይመሳከራል፣ ካምቢዮው አብሮ መሸጥ አለመሸጡ በውሉ ይጻፋል፣ ቀብድ ከመከፈሉ በፊትም የዋስትናው ጊዜ ከገጠማ ቀን ወይስ ከሽያጭ ቀን እንደሚቆጠር ይወሰናል።

ጥሩ ሻጭ የሚሸጠው ከካምቢዮ፣ ከፕሮፔለርና ከማቀዝቀዣ ጋር የተሰናዳ ሞተር ነው፤ አሮጌውንም በቁራጭ ዋጋ ይረከባል። የሐዋሳ ሐይቅ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ውሃ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የፈሰሰ ዘይት ቆሮሶና አምባዛ በሚጠመድበት ውሃ ውስጥ እዚያው ይቀራል። በመሆኑም አሮጌው ሞተር ከመነሣቱ በፊት ዘይቱና ናፍጣው በጀሪካን ይቀዳል፣ ከአዲሱ ሞተር ሥርም የሚንጠባጠበውን የሚይዝ የቆርቆሮ ሳህን ተበይዶ ይቀመጣል።