ጉድጓድ የዋጠው ቆሻሻ የት ይደርሳል? ስለ ውሃ ውስጥ ዋሻዎች ጽዳት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጣሊያን ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ተነስቶ በስሎቬኒያ፣ በክሮኤሺያና በቦስኒያ የሚዘልቅ ዲናሪክ የሚባል ተራራማ አካባቢ አለ። መሬቱ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናብ ድንጋዩን ለብዙ ሺህ ዘመናት እያሟሟ ውስጡን ቦርቡሮታል። በስሎቬኒያ ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ዋሻዎች ተመዝግበዋል። እዚያ ወንዝ ሜዳ ላይ ሲፈስ ቆይቶ ድንገት መሬት ውስጥ ይሰምጣል፤ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ደግሞ ምንጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ባሌ ሄዶ ሶፍ ዑመርን ላየ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የወይብ ወንዝም በዋሻው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል።

በዲናሪክ መንደሮች ጥልቅ ጉድጓዶች ለብዙ ዓመታት የቆሻሻ መጣያ ሆነው ኖረዋል። አሮጌ ፍሪጅ፣ ጎማ፣ የሞተ ከብት፣ የመኪና ባትሪ፣ የፀረ ተባይ ጣሳ፣ ምኑ ቅጡ። አሁን የዋሻ አሳሾችና ጠላቂዎች ይህን ሁሉ መልሰው እያወጡ ነው። ስለ ሥራው ሲወራ ግን ደጋግመው የሚነሱ ስህተቶች አሉ። አንድ በአንድ እንያቸው።

«እዚያ ጨለማ ውስጥ ደግሞ ምን ይኖራል?»

ብዙ ነገር። ከሁሉም የሚታወቀው ኦልም ነው። በ1689 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ቫልቫሶር የተባለ የአካባቢው ምሁር እንደጻፈው፣ የዚያ አገር ሰዎች ከባድ ዝናብ ከምንጭ ጠርጎ የሚያወጣውን ይህን ፍጥረት የዘንዶ ልጅ ነው ይሉት ነበር። ቢያዩት አይፈረድባቸውም።

ኦልም ሳላማንደር የሚባሉት፣ መልካቸው እንሽላሊት የሚመስል እንስሳት ወገን ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ሳላማንደር ስለሌለ እኛ አገር የሚመስለው የለም፤ ሩቅ ዘመዱ እንቁራሪት ናት። ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ገላው ነጣ ብሎ ወደ ሮዝ ያደላል። ከራሱ ግራና ቀኝ ቀይ ላባ የሚመስል ስንጥብ ተንጠልጥሏል። የፊት እግሮቹ ሦስት ሦስት፣ የኋላዎቹ ሁለት ሁለት ጣት አላቸው። ዓይኖቹ በቆዳ ተሸፍነዋል። አያይም፤ ግን የውሃውን ሽታና እንቅስቃሴ በደንብ ይለያል።

በአማካይ ወደ 70 ዓመት ይኖራል ተብሎ ይገመታል። ለመውለድ የሚደርሰው በ15 ዓመቱ አካባቢ ሲሆን፣ ሴቷ እንቁላል የምትጥለው በአሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ አንዴ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ኦልም ብቻውንም አይደለም። ዓይን የሌላቸው ሽሪምፖች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ ከመሬት በታች ብቻ የሚኖር ኮንጌሪያ የተባለ ባለ ሁለት ቅርፊት እንስሳ፣ ሌሎችም አሉ። ቦስኒያ ውስጥ ያለው የቪየትሬኒጻ ዋሻ በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዋናው ምክንያት ይኸው የእንስሳቱ ብዛትና ብርቅነት ነበር። ለነገሩ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ጎረቤታችን ሶማሊያ ከመሬት በታች ባለው ውሃዋ የሚኖሩ ዓይነ ስውር ዓሦች አሏት።

«ውሃው በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ይጣራል»

ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይመስለኛል። ብዙ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ቆሻሻ ሲጥል ልቡ የሚያርፈው በዚህ እምነት ነው።

ማስረጃው የሚያስቅ ነው። ነሐሴ ወር 1901፣ ፈረንሳይ፣ ፖንታርሊየ ከተማ። የፔርኖ አብሳንት መጥመቂያ ፋብሪካ በመብረቅ ተመቶ ተቃጠለ። አብሳንት አኒስ አኒስ የሚሸት ኃይለኛ መጠጥ ነው፤ ከኡዞ ብዙም አይርቅም። እሳቱ ፋብሪካውን እንዳያፈነዳው ተብሎ በጋኖቹ የነበረው መጠጥ ተለቀቀ። እየወረደ በአቅራቢያው ካለው የዱ ወንዝ ገባ። ከሁለት ቀን በኋላ በሌላ ሸለቆ ውስጥ የሚገኘው የሉ ወንዝ ምንጭ አብሳንት አብሳንት ሸተተ። ሉ የራሱ ምንጭ ያለው፣ ራሱን የቻለ ወንዝ ነው ተብሎ ነበር የሚታሰበው። ለካ ከዱ ወንዝ የሚሰርግ ውሃ በመሬት ውስጥ ሄዶ የሚወጣው በእሱ በኩል ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ቀለም ጨምረው ሲሞክሩት ነገሩ ተረጋገጠ።

እንግዲህ አስቡት። ድንጋዩ ያጣራል ቢባል ኖሮ የመጠጡ ሽታ እንኳ ባልተረፈ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። አሸዋና ደቃቅ አፈር ውሃን በዝግታ ስለሚያሳልፉ በተወሰነ ደረጃ ያጣራሉ። በኖራ ድንጋይ አገር ግን ውሃው በአፈር ውስጥ አይንጠባጠብም። በስንጥቅና በዋሻ ይሮጣል። የሞተ ከብት ባክቴሪያም፣ ከባትሪ የወጣ እርሳስም አብሮ ይሮጣል። ስሎቬኒያ ውስጥ የመጠጥ ውሃ ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከእንዲህ ያለ መሬት ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ የዋጠው ነገር ዞሮ ዞሮ ቧንቧ ጋ ሊደርስ ይችላል።

«የበሰበሰ ነገር ምን ይጎዳል? እንዲያውም ምግብ ይሆናቸዋል»

ሐሳቡ ከደግነት የመጣ ይመስላል፤ ግን ተቃራኒው ነው እውነቱ። የዋሻ እንስሳት ሕይወታቸው የተቃኘው በማጣት ላይ ነው። ኦልም ዓመታት ሳይበላ መቆየት ይችላል። በ2020 የወጣ አንድ ጥናት ቦስኒያ ውስጥ ባለ የምሥራቅ ሄርዞጎቪና ዋሻ ምልክት የተደረገባቸውን ኦልሞች ተከታትሎ ነበር። የዋሻ ጠላቂዎች እየተመላለሱ ሲያዩዋቸው አብዛኞቹ በዓመታት ውስጥ የተንቀሳቀሱት ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። አንዱማ 2,569 ቀን እዚያው የነበረበት ቦታ ላይ ተገኘ። ከሰባት ዓመት በላይ መሆኑ ነው! በዚህ ዓይነት ቁጠባ ለሚኖር ፍጥረት የከብት ሬሳ ድግስ አይሆንለትም።

ሬሳው ሲበሰብስ ባክቴሪያ ይራባል፤ ባክቴሪያውም በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ከዚያ ደግሞ ከላይ ያሉ እንስሳት ምግብ ሸተታቸው ብለው ይወርዳሉ። እነሱ ፈጣኖች ናቸው፤ ቶሎ ቶሎም ይራባሉ። ቀርፋፋዎቹ የዋሻ ነዋሪዎች ከእነሱ ጋር ተሻምተው አይችሉም።

«ጠላቂ ከገባ ዕዳው ገብስ ነው»

እስቲ አብረን እንግባ። ውሃው 10 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሁለት ሰዓት ቢቆዩበት አጥንት ድረስ የሚሰማ ብርድ። ከላይ ጣሪያ አለ። ባሕር ላይ ችግር ሲገጥም ወደ ላይ ይወጣል፤ ዋሻ ውስጥ ግን ላይኛው ድንጋይ ነው። መውጫው የገቡበት በር ብቻ ነው። ጠላቂው በሲሊንደር የያዘውን አየር ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፤ አንዱ እጅ ለመግቢያ፣ አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ ለክፉ ቀን። ከበሩ ጀምሮም ገመድ እየዘረጋ ይሄዳል።

ገመዱ ለምን አስፈለገ? በደለል ምክንያት። የዋሻው ወለል ላይ እንደ ዱቄት የላመ ጭቃ ተኝቷል። እግር አንዴ ቢመታው ውሃው ይደፈርሳል፤ ባትሪ ቢበራ እንኳ የራስ እጅ አይታይም። ከአፍ የሚወጣው የአየር አረፋም ጣሪያውን እየነካ ሸክላ ያራግፋል። በዚያ ሰዓት የሚያወጣው ገመዱን በጣት ይዞ መከተል ነው። አሁን ሰውየው ከዚህ ጭቃ ውስጥ ግማሹ የተቀበረ ጎማ እንዲያወጣ አስቡት። ጎማውን ባነቃነቀ ቁጥር ዙሪያው ይጨልማል። አንድ ነገር ያወጣና ውሃው እስኪጠራ ሥራው ይቆማል።

የባሰው ደግሞ ጣሳና ባትሪ ነው። የዛገ የፀረ ተባይ ጣሳ ሲነሳ እጅ ላይ ሊፈርስ ይችላል። እንዲህ ያለውን ከጥራጊው ጋር በአንድ ከረጢት ማጨቅ አይቻልም። ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ተለይቶ ይወጣል። ጠርሙስና ፌስታል ግን ውሃው እንዲንጠፈጠፍ በመረብ ከረጢት ይታሰራል።

ጠላቂው የሚታየው ጫፉ ነው እንጂ ከኋላው ብዙ ሰው አለ። ገመድ የሚጎትት፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ የሚቀበል፣ የሚለይ፣ የሚጭን። ብዙውን ጊዜም ሥራው የሚጀመረው ከደረቁ የጉድጓዱ ክፍል ነው፤ ከላይ ያለው ክምር ካልተነሳ ከታች በሚሠራው ሰው ራስ ላይ ይወርዳል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ የዋሻው ውሃ በሰዓታት ውስጥ ሊሞላ ስለሚችል አየሩን ሳያዩ መግባት የለም።

«ያገኙትን ሁሉ ጠርገው ያውጡት»

አይሆንም። ጎርፍ ያመጣው እንጨትና ቅጠል ለዋሻው እንስሳት ምግብና መጠለያ ነው፤ እዚያው ይቀራል። ጠርሙስና ቆርቆሮ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ እንስሳት ሊገቡ ይችላሉ። ስለዚህ ዕቃው ከመውጣቱ በፊት በዚያው ውሃ ውስጥ ይታያል፣ ይለቀለቃል። አለበለዚያ ጽዳቱ ራሱ የሚጠብቃቸውን ፍጥረታት በከረጢት ይዞ ይወጣል።

ከዚህ የከበደም አለ። በዚህ አካባቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በማግስቱ ሰዎች ተገድለው ጉድጓድ ተጥለዋል። ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብም አለ። የሰው አጥንት የታየበት ጉድጓድ ሥራው ይቆማል፤ ፖሊስ ይጠራል። ቦምብ ከሆነ ደግሞ የአምካኞች ሥራ ነው።

«ኦልሙን ይዞ ገንዳ ውስጥ ማሳደግ ይሻላል»

በ2016 ስሎቬኒያ ውስጥ በፖስቶይና ዋሻ በሚገኝ የሕዝብ ማሳያ ገንዳ አንዲት ኦልም እንቁላል ጥላ 22 ልጆች ተፈለፈሉ። ዜናው ዓለምን አዳርሷል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን 22 ልጆች ለማግኘት ባለሙያዎች ለወራት ቀን ከሌት ነበር የጠበቁት። ገንዳ የዱሩን ውሃ አይተካም። በግል መያዝማ ክልክል ነው። ጎርፍ ሜዳ ላይ ጥሎት የተገኘ ኦልም ካለ ለባለሙያ መደወል እንጂ በባልዲ ቤት ማስገባት አይገባም።

«መንደርተኛው ክፉ ስለሆነ ነው»

እኔ እንዲህ ማለት አይመቸኝም። የቆሻሻ መኪና በማይደርስበት መንደር የሞተ በሬ የት ይጣላል? ሜዳ ላይ ቢተው ውሻ ይጎትተዋል፣ በሽታም ያመጣል። ጥልቅ ጉድጓድ ንጹሕ መፍትሔ መስሎ ታይቷል። ሰው ታች ያለውን ውሃ አላየውም። አሁን አገልግሎቱ ደርሶ እያለ ማቀዝቀዣ አምጥቶ የሚወረውር ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ይቀጣ። በጥቅሉ ግን በየሳምንቱ ሳያሰልስ የሚመጣ የቆሻሻ መኪና ከአሥር ጠላቂ የበለጠ ዋሻ ያድናል ባይ ነኝ።

«አንዴ ከጸዳ አለቀ»

ቁጥሩን ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ላይ ለመጠቀም ነበር። በደቡብ ስሎቬኒያ በሴሚች ከተማ አጠገብ ካፓሲተር የተባለ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። ፒሲቢ የተባለ ዘይት መሰል ኬሚካል የያዘው ጥራጊው ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአካባቢው ጉድጓዶች ይጣል ነበር። በ1983 የክሩፓ ወንዝ ምንጭ መበከሉ ታወቀ። ፒሲቢ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ቶሎም አይፈርስም። ደለል ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ትንንሾቹ እንስሳት ይበሉታል፣ ኦልም ደግሞ እነሱን ይበላል። ከአሥርት ዓመታት በኋላ የኦልሞቹ ሰውነት ሲመረመር ኬሚካሉ በብዛት ተከማችቶ ተገኝቷል።

70 ዓመት የሚኖር እንስሳ ነው እንግዲህ። ዛሬ በክሩፓ ዙሪያ ያለ አሮጌ ኦልም ፋብሪካው መጣል ሲጀምርም፣ ብክለቱ ሲታወቅም እዚያው የነበረ ሊሆን ይችላል። ጎማና ፍሪጅ ተጎትቶ ይወጣል፤ እንዲህ ያለውን ግን ጠላቂ በከረጢት አያወጣውም። በአሥራ ሁለት ዓመት አንዴ የምትወልድ እናትም የጠፋውን ትውልድ ቶሎ አትተካውም።

«ጠላቂው ኦልም ካላየ፣ ኦልም የለም»

ዋሻው ሰው በማያሳልፍ ስንጥቅ የተሞላ ነው። ኦልም የሚውለው ደግሞ እዚያ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች አሁን ሌላ ዘዴ አላቸው። ምንጩ ጋ ሄደው ውሃ ይቀዳሉ፣ ያጣራሉ፤ እንስሳው በቆዳውና በዓይነ ምድሩ የጣለውን ዘረመል (ዲኤንኤ) ይፈልጋሉ። ጥቁር ኦልም የሚባል እጅግ ብርቅ የሆነ ዓይነት አለ። ቆዳው ጥቁር፣ ዓይኑም የሚሠራ ነው። የተገኘው በ1986 ሲሆን የሚኖረው በደቡብ ምሥራቅ ስሎቬኒያ በአንዲት ጠባብ አካባቢ ብቻ ነው። በ2017 የወጣ ጥናት በዚህ የውሃ ምርመራ ከዚያ በፊት ባልታወቁ ምንጮችም ምልክቱን አግኝቷል። ማንም ጠላቂ ሳይገባ፣ ከምንጭ በተቀዳ ውሃ ብቻ።