«ሦስቱ ራስ» ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ ያየ ሰው አጣና ያውቃል። ባሕር ዛፉ በሚስማርና በገመድ ተያይዞ ከግድግዳው ጋር እኩል ሽቅብ ይወጣል፤ ሠራተኛው እሱ ላይ ቆሞ ይለስናል፣ ይቀባል። ሥራው ሲያልቅ አጣናው ይወርዳል። ዓመት ሁለት ዓመት ሳይወርድ ከቆየ አላፊ አግዳሚው ነገሩ ይገባዋል፤ ወይ ባለቤቱ ገንዘብ አልቆበታል፣ ወይ ግድግዳው አላስተማመነም።

ሄንሪ ቬን የሚባሉ እንግሊዛዊ ቄስ ሚሲዮንን የመሰሉት በዚሁ መወጣጫ ነው። ሕንፃው የአገሬው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሚሲዮኑ መወጣጫው ነው፤ መወጣጫው መነሣቱ ሕንፃው ለማለቁ ማስረጃ ነው አሉ። «ሦስቱ ራስ» የሚባለው ሐሳብ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ነገሩ ሲነገር አጭር ነው። አንዲት ቤተ ክርስቲያን ለአቅመ ሔዋን ደረሰች የምትባለው ራሷን ስታስተዳድር፣ ራሷን ስትችልና ራሷን ስታስፋፋ ነው። ሽማግሌዎቿን የምትመርጠው፣ ያጠፋውን የምትገሥጸው፣ ቄስ የምትሾመውና የምትሽረው እሷው ከሆነች ራሷን አስተዳደረች። የአገልጋዩ ደመወዝና የጣሪያው ቆርቆሮ ከገዛ ሙዳየ ምጽዋቷ ከወጣ ራሷን ቻለች። ወንጌል ላልደረሰበት መንደር ፈረንጅ እስኪመጣ ሳትጠብቅ ሰባኪ ከላከች ደግሞ ራሷን አስፋፋች።

ቬን ከ1841 ጀምሮ ለ30 ዓመት ያህል ለንደን ላይ የአንግሊካኖቹ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናዊ ማኅበር ጸሐፊ ነበሩ (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች ናቸው)። በዚያው ዘመን ቦስተን ውስጥ የአሜሪካው ሚሲዮን ቦርድ ጸሐፊ ሩፉስ አንደርሰን እዚያው ሐሳብ ላይ ደርሰዋል። ሁለቱም የ1796 ልደት ናቸው፤ ሁለቱም የጽሕፈት ቤት ሰዎች። ሐሳቡን የወለደው ጽድቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወባው ሚሲዮናዊውን በመጣ በወራት ውስጥ ይቀብረው ነበር፤ የለንደን ካዝናም ወሰን ነበረው። በአንድ ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ እረኛ መሆን አያዋጣም። ቬን የሚመኙት ሚሲዮኑ ያማረ ሞት ሲሞት ማየት ነበር፤ የራሳቸው አነጋገር ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ነው። በሥራ የተፈተነው ኒጀር ወንዝ ላይ ሲሆን፣ የተፈተነበትም ሰው አንድ ነው።

በዛሬዋ ናይጄሪያ ከሚኖረው ከዮሩባ ሕዝብ የተወለደ አጃዪ የሚባል ልጅ በ1821 መንደሩ ሲወረር ከእናቱ ጋር ተማረከ፤ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ በመጨረሻ የባሪያ መርከብ ላይ ተጫነ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1822 መርከቧን ይዞ ልጁን ፍሪታውን፣ ሲየራ ሊዮን አወረደው። እዚያ ፊደል ቆጠረ፤ በ1825 ሳሙኤል ክራውዘር ተብሎ ተጠመቀ፤ በ1827 ፎራ ቤይ ኮሌጅ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነ፤ በ1843 እንግሊዝ አገር ቅስና ተቀበለ። ከዚህ ወዲያ አንቱ እንበላቸው። በ1846 በዮሩባ አገር ባለችው አቤኦኩታ ከተማ፣ ከተለያዩ በሃያ አምስት ዓመታቸው፣ እናታቸውን አገኙ። በ1848 በከተማዋ ከተጠመቁት የመጀመሪያዎቹ ምእመናን አንዷ እኚሁ እናት ናቸው፤ የክርስትና ስማቸውም ሐና።

በ1864 ካንተርበሪ ካቴድራል ውስጥ ክራውዘር ተቀቡ። በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው አፍሪካዊ ጳጳስ ናቸው፤ ከጀርባቸው የገፏቸውም ቬን ነበሩ። ሹመቱ ግን ሲወጣ ቀዳዳ ነበረበት። ሀገረ ስብከታቸው ከንግሥቲቱ ግዛት ውጭ ያለው ምዕራብ አፍሪካ ነው ተባለ። የሌጎስና የአቤኦኩታ ነጭ ሚሲዮናውያን በጥቁር ጳጳስ ሥር ማደር ስላልወደዱ ከሥልጣናቸው ውጭ ቀሩ። ለክራውዘር የደረሳቸው የኒጀር ሥራ ነው። እዚያ ሠራተኛው በሙሉ አፍሪካዊ ነበር፤ ግን አብዛኛው ከሲየራ ሊዮን የመጣ ስለሆነ ለወንዙ ሕዝብ እሱም እንግዳ ነው።

ቬን በ1873 ሞቱ። አውሮፓ አፍሪካን በካርታ ላይ በተከፋፈለችበት ዘመን ደግሞ ከእንግሊዝ የሚመጡት ወጣት ሚሲዮናውያን የቀድሞዎቹን ትዕግሥት ይዘው አልመጡም።

በኦገስት 1890 በኒጀር ዳር ባለችው ኦኒቻ ከተማ የኒጀር ሚሲዮን ኮሚቴ ስብሰባ ተደረገ። በሊቀ መንበርነት የተቀመጡት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ጳጳስ ናቸው። በጸሐፊነት የተቀመጠው በቅርቡ የመጣ፣ በዕድሜ የልጅ ልጃቸው ሊሆን የሚችል እንግሊዛዊ ነው። ጸሐፊው የጳጳሱን ቄሶችና ሠራተኞች ስም እየጠራ ጥፋት ይዘረዝራል፤ ከሥራም ያግዳል። ከክሱ ውስጥ እውነት አልጠፋም፤ ወንጌሉን ትቶ ንግድ የገባ ነበር። ጳጳሱ የጠየቁት ግን ሌላ ነው፦ ቄስ የማገድ ሥልጣን የጳጳስ አይደለም ወይ? ጸሐፊው ሥልጣኑ የእኔ ነው አለ። ክራውዘር ከኮሚቴው ለቀቁ፤ በ1891 የመጨረሻ ቀን ሌጎስ ላይ አረፉ። በእግራቸው የተተካው እንግሊዛዊ ጳጳስ ነው።

በአገራችን መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው አለቃውን በወንበሩ አይለይም። ማኅተሙ በማን መሳቢያ እንደሚያድር ያያል። ለእኔ የ«ሦስቱ ራስ» ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፤ ወንበሩ የክራውዘር ነበር፣ ማኅተሙ ግን በጸሐፊው መሳቢያ ውስጥ ነበር። በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ላይ አፍሪካዊ ፕሬዚዳንት ተቀመጠ ሲባል ስሰማ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ነገሩን ከሁሉ ቀድመው የተረዱት ኒጀር ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት በዴልታው ያሉ ምእመናን ይመስሉኛል። በ1892 የክራውዘር ልጅ ዳንደሰን እየመሩ፣ ከአንግሊካንነት ሳይወጡ፣ የለንደኑን ማኅበር ገንዘብና ትእዛዝ ትተው የኒጀር ዴልታ ፓስቶሬት የተባለውን ራሱን የቻለ የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር አቆሙ። በዚያው ዓመት ፕሪቶሪያ ላይ ማንጌና ሞኮኔ የሚባሉ ጥቁር ቄስ ከሜቶዲስቶች ተለይተው አዲስ ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። ስሟን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አሏት። «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው መዝሙር የተወሰደ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የደቡብ አፍሪካ ክርስቲያኖች ኢትዮጵያን የነፃ ቤተ ክርስቲያን ምልክት ባደረጉበት ሰዓት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አቡን የሚሾምላት ከግብፅ ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በ1943 ዓ.ም.፣ ፓትርያርክ የሆኑትም በሰኔ 1951 ዓ.ም. ነው። በቄሷ፣ በቅኔዋ፣ በርስቷ ራሷን ችላ ስንት መቶ ዓመት የኖረች ቤተ ክርስቲያን ማኅተሟ እስክንድርያ ነበር። በዚያው በ1951 ዓ.ም.፣ ጥር ላይ፣ ከስካንዲኔቪያና ከጀርመን ሚሲዮኖች ሥራ የወጡ ማኅበረ ምእመናን የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሆነው ተቋቋሙ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው ሲነሣ ብዙ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወላይታ እንውረድ፤ ማንም ያላቀደው ነገር የተደረገው እዚያ ነውና።

በእኛ አገር ኤስ አይ ኤም ተብሎ የሚታወቀው የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሶዶ የገባው በ1928 ነው። ከመጀመሪያው አንድ ልማድ ያዘ፦ ለአገሬው ሰባኪ ደመወዝ አይከፍልም፤ የጸሎት ቤቱን ምእመኑ ራሱ ይሠራዋል። ሥራው አዝጋሚ ነበር። ጣሊያን ሲገባ የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን በ1937 ተባረሩ፤ ትተዋቸው የሄዱት የወላይታ ተጠማቂዎች በሚሽኑ ቆጠራ 48 ናቸው። በእጃቸው ያለው በቋንቋቸው የተተረጎመ ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነው። ጣሊያኖቹ ሽማግሌዎቹን አሰሩ፤ ዋንዳሮን የመሰሉ መሪዎች ተገረፉ። ነፃነት ተመልሶ ሚሲዮናውያኑ ሲመጡ የጠበቃቸው በራሳቸው ግምት ወደ 10,000 የሚጠጋ ምእመን ነው። አጥቢያዎቹ በሽማግሌ ይመራሉ፤ ጋብቻና ጠብ የሚዳኘው እዚያው ነው፤ ወንጌላውያኑ ወላይታን አልፈው ወደ ጎረቤት ሕዝቦች ተሻግረዋል። ኋላ ቃለ ሕይወት የተባለችው ቤተ ክርስቲያን ትልቁ ሥሯ ይህ ነው።

ሚሲዮን ሲኖር ያልተቻለው ሲጠፋ ተቻለ ብሎ መደምደም ይቀላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ደመወዝ የሚቆረጥበት ስላልነበረ ፈረንጁ ሲሄድ ደመወዝ ቀረብኝ ብሎ ሥራውን የሚተው ሰባኪ አልነበረም፤ ያቺ ቀዝቃዛ የምትመስል ደንብ ናት የኋላ ኋላ ያተረፈቻቸው። ማኅተሙን ደግሞ የሰጣቸው የለም፤ ባለቤቱ በችኮላ ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፣ አነሡት።

ራስን መቻል በአጥቢያ ደረጃ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ የደቡብ ገጠር ውስጥ አንድ እሑድ ይዋል። መባው በብር ብቻ አይመጣም፤ ዶሮ እግሯ ታስሮ፣ እንቁላል በሰፌድ፣ ቡና በጣሳ ይመጣል። ከአምልኮ በኋላ ጨረታ ነው። አንድ ጊዜ ዶሮ ያመጡ እናት የገዛ ዶሯቸውን ራሳቸው ተጫርተው ሲገዙ፣ ወዲያው መልሰው ሲሰጡና ዶሮዋ እንደገና ስትሸጥ አይቻለሁ። ዶሮዋ ሁለት ጊዜ ከፈለች። ከዚያ ገንዘብ ላይ ሪፖርት የሚጠይቅ የውጭ ሰው የለም።

ከአጥቢያው ወደ ዋናው ቢሮ ስንወጣ ሒሳቡ ይለወጣል። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ መኪና በዶሮ ጨረታ አይገዛም። በ1972 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ የተነሣው ከዚህ ነው፤ ያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የደብዳቤው ቅሬታ በአጭሩ፦ ለጋሾቹ ለክሊኒክና ለልማት እጃቸው ይፈታል፤ ለወንጌል ሥራና ለአገልጋዮች ሥልጠና ሲጠየቁ ይቋጠራል፤ መስፈርቱንም የሚያወጡት ብቻቸውን ናቸው። ሰው ግን ሥጋና ነፍስ ተብሎ በሁለት በጀት የሚከፈል ፍጡር አይደለም። የሚገርመው፣ ይህን ስትጽፍ ቤተ ክርስቲያኗ አስተዳደሯ በኢትዮጵያውያን እጅ ነው፤ ፕሬዚዳንቷም አቶ አማኑኤል አብርሃም ናቸው። ወንበሩ ሙሉ ነው። ጉዲና በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ሰዎች ታፍነው ተገደሉ።

ደብዳቤው ከመጻፉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የኬንያው ፕሬስቢቴሪያን ቄስ ጆን ጋቱ አሜሪካ ላይ ቆመው ከዚያ የባሰ ነገር ተናግረዋል፦ ሚሲዮናውያኑም ገንዘቡም ይቁሙ፣ ሞራቶሪየም ይሁን። የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በ1974 ሉሳካ ላይ ሐሳቡን ተቀበለው። ጉባኤው ራሱ አብዛኛው በጀቱ ከውጭ የሚመጣ ነበርና ነገሩ በቅርንጫፉ ላይ ተቀምጦ ቅርንጫፉን እንደመቁረጥ ነው ያሉ አልጠፉም። ሞራቶሪየሙ በተግባር አልዋለም። ቃሉ ግን ሚሲዮኖቹን አስደንግጧል፤ እሱም ሥራ ነው።

ቻይና ውስጥ «ሦስቱ ራስ» በ1954 መንግሥት ያወቀው የፕሮቴስታንቶች ንቅናቄ ስም ሆኗል። እዚያ ማኅተሙ ከሚሲዮኑ ወጥቶ የሄደው ወደ ምእመኑ አይደለም። በ1980ዎቹ ደግሞ ፖል ሂበርት የሚባሉ ምሁር አራተኛ ራስ ጨመሩ፦ በራስ ቋንቋና በራስ ጥያቄ ስለ እግዚአብሔር ማሰብ። የእኛ ሰው ይህን የጀመረው ስም ሳይወጣለት ነው። እንደ ክራውዘር በልጅነታቸው ተሸጠው በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጡት ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳትመዋል።

ዛሬ ገንዘቡ የሚመጣው ከፈረንጅ ብቻ አይደለም። ዋሽንግተንና ዳላስ ያሉ የእኛው ሰዎች አብያተ ክርስቲያናት በገጠር ላለ ወንጌላዊ በየወሩ ይልካሉ። ላኪው ወንድም ነው፤ ቋንቋውም አማርኛ ነው። በቴሌግራም የሚደርሰው መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ ጌታ ይባርክህ። የተጠማቂዎቹን ቁጥር ከፎቶ ጋር እስከ ዓርብ ላክልን፤ ኮሚቴው ሳያየው የሚቀጥለውን ወር አይለቅም።» ወንጌላዊውም ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ወደ ከተማ ይወርዳል።